ርቀቱ ያው ነው፣ በረራው ግን ረዘመ

ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ስልካችሁን አውጥታችሁ ርቀት የሚያሰላ መተግበሪያ ላይ ሁለቱን ከተሞች ብታስገቡ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ርቀቱ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ማስያዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። ርቀቱን ለአንድ አማካይ ፍጥነት ያካፍሉታል። ለመነሳትና ለማረፍ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምራሉ። እስቲ 7,800ን ለ850 አካፍሉት፤ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል።

እስከ ፌብሩዋሪ 2022 ድረስ ይህ ስሌት ልክ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር መንገደኞቹን በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ቶኪዮ ያደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያው ጉዞ 13 ሰዓት አካባቢ ሆኗል። ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አውሮፕላኑም ያው ኤርባስ ኤ350 ነው። ፍጥነቱ አልቀነሰም። ድሮ የሚያልፍበት ሰማይ ግን ተዘግቶበታል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ የሦስት ሰዓት ተኩል ልዩነት ነው። የበረራ ሰዓትን ብዙዎቻችን እንደ ተራራ ከፍታ ወይም እንደ ወንዝ ርዝመት እናየዋለን። አንዴ ተለክቶ ያለቀ ነገር ይመስለናል። ርቀቱ በእርግጥም እንደዚያ ነው። ሰዓቱ ግን የነፋስ፣ የነዳጅ፣ የሕግና የጦርነት ድምር ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ የጦርነቱ ድርሻ ከሌሎቹ ሁሉ ገዝፎ መጥቷል። ትኬት የምንቆርጠውም፣ ጠባቡ ወንበር ላይ የምንቀመጠውም እኛው ነንና ነገሩን ማወቅ ይገባናል።

ክርና ሉል

መጀመሪያ ርቀቱን እንየው፤ እሱም ቢሆን ያታልላል።

ቶኪዮና ሎስ አንጀለስ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 35 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ናቸው። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ካርታ ከሄድን፣ አጭሩ መንገድ ከቶኪዮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ መሄድ ይመስላል። አይደለም።

ሉል ካላችሁ አንድ ክር አምጡ። አንዱን ጫፍ ቶኪዮ ላይ፣ ሌላውን ሎስ አንጀለስ ላይ ያዙና ክሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ወጥሩት። ክሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሰሜን ይንሸራተታል። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ሲደርስ 48 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ነው፤ ወደ አላስካ ደሴቶች ተጠግቷል። በዚህ መንገድ ርቀቱ 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኬክሮሱን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ቢኬድ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨመራል። ግማሽ ሰዓት በረራ ማለት ነው።

ክቡን ነገር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስንዘረጋው የሆነ ቦታ መለጠጡ አይቀርም። አብዛኞቻችን የለመድነው የሜርካቶር ካርታ በ1569 የተሠራው ለመርከበኞች ነው። መርከበኛው አቅጣጫውን ሳይቀይር የሚሄድበትን መስመር ቀጥ አድርጎ ያሳየዋል፤ ለዚያ ሥራ ግሩም ነው። መጠንን ግን ያዛባል። ግሪንላንድ አፍሪካን ልታክል ምንም አይቀራትም። በእውነቱ አፍሪካ ግሪንላንድን 14 ጊዜ ትበልጣለች። ስለዚህ ወንበራችሁ ፊት ባለው ስክሪን ላይ የበረራው መስመር እንደ ደጋን ጎብጦ ስታዩ፣ ፓይለቱ እየዞረ አይደለም። ክሩን ተከትሎ እየሄደ ነው።

ማስያዎቹ ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያላት ድቡልቡል ኳስ አድርገው ያሰላሉ። ምድር ዋልታዎቿ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ናት። በምድር ወገብ ዙሪያዋ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋልታዎቹ በኩል ሲለካ 40,008። በዚህ የሚመጣው ስህተት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በርቀቱ በኩል ማስያዎቹን ማመን ይቻላል። ችግሩ ያለው ርቀቱን ወደ ሰዓት ሲቀይሩት ነው።

የማይከፈል የነፋስ ዕዳ

ከኒውዮርክ ለንደን 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከለንደን ኒውዮርክም ያው። ሰዓቱ ግን ሲሄዱና ሲመለሱ አይገጥምም። ወደ ለንደን ስትበሩ ብዙውን ጊዜ ሰባት ሰዓት አይሞላም። ወደ ኒውዮርክ ስትመለሱ ስምንት ሰዓት ይጠጋል።

"ምድር ስለምትዞር ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ምድር ስትዞር ግን አየሩንም ይዛው ነው የምትዞረው፤ አውሮፕላኑም ያለው እዚያው አየር ውስጥ ነው። እንዲያማ ቢሆን፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር ከሥሩ ያለው ከተማ ጥሎት ሲሄድ እናይ ነበር።

የሰዓቱን ልዩነት የሚያመጣው ጄት ስትሪም የሚባለው ነፋስ ነው። ከመሬት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደ ወንዝ የሚፈስ ጠባብ የአየር ጅረት ነው። የሚፈጠረው በዋልታው ቅዝቃዜና በምድር ወገብ ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ነው። የምድር መዞር እዚህ ላይ እጁ አለበት፤ ነፋሱን ወደ ምሥራቅ የሚያጥፈው እሱ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው። አንዳንዴም ከዚህ እጥፍ በላይ ይሆናል።

ይህን ነፋስ ቀድሞ የለካው ዋሳቡሮ ኦኢሺ የሚባል ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነው። በ1920ዎቹ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ በሌላ አገር ያልተመዘገበ ኃይለኛ ነፋስ አገኘ። ግኝቱን በ1926 ያሳተመው በኤስፔራንቶ ነበር። ኤስፔራንቶ ዓለም ሁሉ እንዲግባባበት የተፈጠረ ቋንቋ ነው። የሚያሳዝነው፣ ዓለም ቋንቋውን አላነበበውም። በ1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጃፓን ሰማይ ላይ ሲደርሱ ይሄው ነፋስ ጠበቃቸው። አብራሪዎቹ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ወደፊት መሄድ ሲያቅታቸው ግራ ተጋቡ። መልሱ ታትሞ ተቀምጦ ነበር።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ይሄን ሒሳብ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ እኔ ግን ከነገሩ ሁሉ እጅግ የሚገርመኝ እሱ ነው።

አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። ነፋስ ከሌለ 5,550 ኪሎ ሜትሩን በ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ደርሶ መልስ 12 ሰዓት ከ20። አሁን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እናምጣ። ሲሄድ ከኋላው ይገፋዋል፤ ፍጥነቱ 1,050 ይሆናል። 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲመለስ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ፍጥነቱ ወደ 750 ይወርዳል። 7 ሰዓት ከ24 ደቂቃ። ደምሩት። 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው።

ሃያ አንድ ደቂቃ የት ገባ? ነፋሱ ሲሄድ የሰጠውን ሲመለስ የሚወስድ፣ ሒሳቡም የሚጣጣ ይመስለን ነበር። ግን አይጣጣም። ነፋሱ የሚረዳው ለአምስት ሰዓት ነው። የሚቃወመው ግን ለሰባት ሰዓት ተኩል ነው። በከፋው አቅጣጫ ላይ ብዙ ጊዜ ስለምንቆይ የወሰደብን ከሰጠን ሁልጊዜ ይበልጣል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ዕዳው ያድጋል።

በ2016 በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት የሆኑት ፖል ዊሊያምስ ያሳተሙት ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው። የከባቢ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢያድግ፣ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ያለው ጄት ስትሪም ይጠነክራል። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ያጥራሉ፤ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ይረዝማሉ። ተደምሮ ሲታይ አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖች በዓመት 2,000 ተጨማሪ ሰዓታት አየር ላይ ይቆያሉ። ያ ሁሉ ሰዓት ነዳጅ ነው። ነዳጁ ደግሞ ተመልሶ አየሩን ያሞቃል። በ2023 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት፣ በሰሜን አትላንቲክ ከባድ ተርቡለንስ (አውሮፕላንን የሚንጥ የአየር መናወጥ) ከ1979 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በ55 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ደመና በሌለበት ጠራራ ሰማይ ላይ የሚመጣው፣ ራዳር የማያየው ዓይነት ነው። ቀበቶ አስራችሁ ተቀመጡ ሲባል ማሰር ነው።

ነፋሱ ሲመች ምን እንደሚሆን ደግሞ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2020 ታየ። ኪያራ የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን አትላንቲክን እየናጠ ነበር። ከኒውዮርክ የተነሳ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ለንደን የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ከመሬት አንጻር ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት 1,327 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ይህ መሬት ላይ ከሚለካው የድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። አውሮፕላኑ ግን የድምፅን ግድብ አልጣሰም። በአየሩ ውስጥ የሚሄደው እንደ ወትሮው ነው፤ አየሩ ራሱ ተሸክሞት ይሮጥ ነበር። ወንዝ ላይ ያለ ጀልባ ቀዛፊው ሳይደክም እንደሚፈጥነው ማለት ነው።

ሰማይ ባለቤት አለው

ወደ ሄልሲንኪ እንመለስ።

በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ገና በመጀመሪያው አንቀጹ አንድ ነገር ይላል። እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉና ብቸኛ ሥልጣን አለው። ዛሬ በየቀኑ የምንበርረው በዚህ አንቀጽ ሥር ነው። ክሩ ሉሉ ላይ ያሳየን አጭር መንገድ የማን አገር ላይ ነው የሚያልፈው? ያ አገር "እለፍ" ካላለ መንገዱ የለም።

ከአውሮፓ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና የሚወስደው ክር የሚያልፈው በሳይቤሪያ ላይ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በፌብሩዋሪ 2022 ከወረረች በኋላ የአውሮፓ ኅብረት፣ እንግሊዝ፣ ካናዳና አሜሪካ የአየር ክልላቸውን ለሩሲያ አውሮፕላኖች ዘጉ። ሩሲያም አጸፋውን መለሰች። በአንድ ሳምንት ውስጥ የምድራችን ትልቁ አገር ሰማይ ለበርካታ አየር መንገዶች ተቆለፈ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመንም የሶቪየት ሰማይ ለአብዛኞቹ ዝግ ነበር። የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ በ1957 ከኮፐንሃገን ቶኪዮ መብረር ሲጀምር የሄደው በሰሜን ዋልታ አድርጎ አላስካ ላይ ነዳጅ እየቀዳ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል የአላስካዋ አንኮሬጅ የአውሮፓና የሩቅ ምሥራቅ መንገደኞች መገናኛ ሆና ቆየች። መንገደኛው በእኩለ ሌሊት ነቅቶ፣ መስኮት ሙሉ በረዶ እያየ እግሩን ያፍታታበት ነበር። ሶቪየት ኅብረት እየተከፈተች፣ ኋላም ስትፈርስ፣ አውሮፕላኖቹ በሳይቤሪያ ላይ ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ። አንኮሬጅም ለመንገደኛ መተላለፊያነቷ ቀረ። እኛ የለመድነው የዘጠኝ ሰዓት ተኩል በረራ እንግዲህ የሠላሳ ዓመት ሰላም ፍሬ ነበር። እንደ ቋሚ ነገር ቆጠርነው።

አሁን ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስብ ነገር አለ። ሰማዩ የተዘጋው ለሁሉም አይደለም። የቻይና አየር መንገዶች ዛሬም በሳይቤሪያ ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በሁለት ከተሞች መካከል፣ ሁለት የተለያዩ የበረራ ሰዓቶች አሉ። የሚለያያቸው የአውሮፕላኑ ዜግነት ብቻ ነው። አውሮፓውያኑ ነዳጅም የሠራተኛም ወጪ ጨምሮባቸው መወዳደር አቃታቸው። የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ ከ1994 ጀምሮ ሲበርበት የኖረውን የለንደን ሆንግ ኮንግ መስመር በ2022 አቋረጠ። የሩሲያን ሰማይ መዘጋት በምክንያትነት ጠቅሷል። በ2024 ደግሞ ሻንጋይን ተወ።

ሌላው ምሳሌ ልቤን የነካው ነው፤ ርቀቱ አጭር ስለሆነ።

ከሕንዷ ዴልሂ የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽኬንት 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት የማይሞላ በረራ። ጠዋት ተነስቶ ምሳ እዚያ መብላት ይቻላል። በኤፕሪል 2025 ሕንድና ፓኪስታን ሲጋጩ ፓኪስታን የአየር ክልሏን ለሕንድ አየር መንገዶች ዘጋች። ሕንድም በቀናት ውስጥ መልሳ ዘጋች። ክሩ ከዴልሂ ታሽኬንት የሚያልፈው በፓኪስታን ላይ ነው። እሱ ከተዘጋ ምን ቀረ? በስተምዕራብ ወደ ዓረብ ባሕር ወርዶ፣ በኢራን በኩል ወጥቶ መዞር። በስተምሥራቅ ሂማላያና ቲቤት አሉ።

ቲቤትን አየር መንገዶች የሚሸሹት በምክንያት ነው። የካቢኑ አየር በድንገት ቢያመልጥ ፓይለቱ ሰው ያለ ማስክ መተንፈስ ወደሚችልበት ከፍታ፣ ወደ 3,000 ሜትር አካባቢ መውረድ አለበት። ከጭንቅላታችን በላይ የሚወርደው የኦክስጅን ማስክ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የቲቤት አምባ አማካይ ከፍታ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የሚወረድበት ቦታ የለም፤ ከሥር ያለው መሬት ራሱ ከዚያ በላይ ነው።

በመጨረሻ የሕንዱ አየር መንገድ ኢንዲጎ የታሽኬንትና የካዛኪስታኗን የአልማቲ በረራዎቹን ሰረዘ። ባሉት አውሮፕላኖች አቅም መድረስ አልተቻለም አለ። አስቡት። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ያለች ከተማ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አውሮፕላኑ የማይደርስባት ሆነች። የሌላ አገር አየር መንገድ ግን በዚያው ፓኪስታን ላይ ማለፍ ይችላል። ኤር ኢንዲያም ከዴልሂ ዋሽንግተን የሚያደርገውን ቀጥታ በረራ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ አቁሟል፤ አንዱ ምክንያት ይኸው የፓኪስታን ሰማይ መዘጋት ነው።

በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲጀመር የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። በአውሮፓና በምሥራቅ አፍሪካ መካከል የሚበርሩት ወደ ቀይ ባሕር ታጥፈው መዞር ግድ ሆነባቸው። በጁን 2025 እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ የኢራን፣ የኢራቅ፣ የእስራኤልና የዮርዳኖስ ሰማይ በአንድ ቀን ባዶ ሆነ። ከሰሜን ሩሲያና ዩክሬን ዝግ ነበሩ። ከደቡብ ኢራን። በአውሮፓና በእስያ መካከል ያለው የአውሮፕላን ሰልፍ ወይ በጆርጂያና በአዘርባጃን ላይ ባለች ጠባብ ሰርጥ ለማለፍ፣ ወይ በስተደቡብ በግብፅና በሳዑዲ አረቢያ በኩል ለመዞር ተገደደ።

አየር መንገዶቹ ለምን አይደፍሩም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ መልሱ የሚነገረው በሞቱ ሰዎች ቁጥር ነው። በ1983 ከኒውዮርክ ተነስቶ አንኮሬጅ ላይ ነዳጅ የቀዳ የኮሪያ አውሮፕላን መንገድ ስቶ ሶቪየት ሰማይ ውስጥ ገባ። ተመትቶ ወደቀ። 269 ሰው አለቀ። ጁላይ 17 ቀን 2014 ከአምስተርዳም ኩዋላ ላምፑር ይበር የነበረው የማሌዥያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኤምኤች17 ምሥራቅ ዩክሬን ላይ በሚሳይል ተመታ። 298 ሰው። በጃኑዋሪ 2020 ከቴህራን የተነሳው የዩክሬን አውሮፕላን። 176 ሰው። ኤምኤች17 በተመታበት ጊዜ ያ ሰማይ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ለበረራ ክፍት ነበር፤ ሌሎች አየር መንገዶችም ያልፉበት ነበር። ስለዚህ በረራችን በሁለት ሰዓት ረዘመ ብለን ስንማረር፣ ያ ሁለት ሰዓት የተጨመረው ለእኛ ሕይወት ሲባል መሆኑን ባንረሳ ጥሩ ነው። የምማረረው በአየር መንገዱ አይደለም። ሰማዩን ለመንገደኛ የማይሆን ቦታ ባደረጉት ነው።

ነዳጅ የሚበላ ነዳጅ

ሦስት ሰዓት ተኩል መጨመር ማለት የሦስት ሰዓት ተኩል ነዳጅ መጨመር ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የተጨመረው ነዳጅ ክብደት አለው። ያንን ክብደት ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል። እሱም ክብደት አለው። የዓለማችን ረጅሙ መደበኛ በረራ ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ነው፤ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 18 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ። የሲንጋፖር አየር መንገድ ለዚህ የሚጠቀምበት ልዩ ኤ350 እስከ 165,000 ሊትር ነዳጅ ይይዛል። ያን ሁሉ ለመሸከም ሲባል ኢኮኖሚ ክላስ ጭራሽ የለውም። መንገድ ሲረዝም ከአውሮፕላኑ ላይ የሚቀነሰው ወይ ጭነት ነው፣ ወይ ሰው ነው።

ፓይለቶቹም ሰው ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ሁለት ፓይለት ብቻቸውን ማብረር የሚችሉት እንደ መነሻው ሰዓት ለስምንት ወይም ለዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ 13 ሰዓት ሦስት ፓይለት ያስፈልጋል። ከ13 በላይ አራት። ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ተመሳሳይ ገደብ አላቸው። አሁን ከዘጠኝ ተኩል ወደ 13 የረዘመውን በረራ በዚህ ዓይን እዩት። ጥቂት ደቂቃ ነፋስ ቢጨመርበት የሚፈለገው የፓይለት ቁጥር ይለወጣል። ትኬቱ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ነው።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት

አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ትኬቱ ላይ የምታዩት ሰዓት አየር ላይ የምትቆዩበት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ፣ መድረሻው ላይ ሄዶ እስኪቆም ያለው ሁሉ ይቆጠራል። መንደርደሪያው ጋ ለመድረስ የሚሰለፍበትም ውስጥ አለ። አየር መንገዶች በዚያ ላይ መጠባበቂያ ደቂቃ ይጨምራሉ። ዘግይቶ የተነሳ በረራ አንዳንዴ በሰዓቱ የሚደርሰው ፓይለቱ ስለከነፈ ሳይሆን፣ ያ መጠባበቂያ ስለነበረ ነው። ከማስያው ውጤት ጋር አልገጥም ያላችሁ እንደሆነ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

መነሻና መድረሻ ሰዓት ደግሞ ሁልጊዜ በየከተማው ሰዓት ነው የሚጻፈው። በጁላይ ከቶኪዮ በ17:00 (በ24 ሰዓት አቆጣጠር) ተነስታችሁ አሥር ሰዓት ብትበርሩ፣ ሎስ አንጀለስ የምትደርሱት በዚያው ቀን ጠዋት በ11:00 ነው። ከመነሳታችሁ ስድስት ሰዓት ቀድማችሁ ደረሳችሁ ማለት ነው፤ በወረቀቱ ላይ። ቀን የሚቀየርበትን መስመር ስለተሻገራችሁ ነው። ስትመለሱ አንድ ቀን ይጎድልባችኋል። ለሚቀበላችሁ ሰው የምትነግሩትን ቀን ደግማችሁ እዩት።

ዋልታ ወይስ ደቡብ

ፊንኤር ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ለመድረስ አሁን ሁለት መንገድ ነው ያለው። አንደኛው ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ በሰሜን ዋልታ ላይ አልፎ፣ በአላስካ በኩል ወርዶ ጃፓን መግባት ነው። በዋልታው ለሚያልፉ መንገደኞቹ የማስታወሻ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ወርዶ በመካከለኛው እስያ፣ በቻይናና በኮሪያ በኩል ማለፍ ነው። ሁለቱም ሩሲያን በሩቁ ይዞራሉ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ።

የትኛውን እንደሚሄዱ አስቀድሞ አይታወቅም። በረራው ከመነሳቱ በፊት የበረራ ዕቅድ የሚያወጡት ባለሙያዎች የዕለቱን የነፋስ ካርታ ይዘረጋሉ። ጄት ስትሪሙ የት እንዳለ ያያሉ። የትኛው ሰማይ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ዛሬ ጠዋት እንደተዘጋ ማስጠንቀቂያዎቹን ያነባሉ። ከዚያ ነዳጁን ያሰላሉ። መንገደኛው ሻንጣውን ሲያስመዝን እነሱ ገና ዋልታ ወይስ ደቡብ እያሉ ነው።